የኢንፍሉዌንዛ ክትባትና የጤና ሠራተኛው ውሳኔ

(ለማኅበሩ ጠቅላላ ስብሰባ የቀረበ ንግግር)




በሕክምና ሥራ ላይ ከሚነሡት ጥያቄዎች መካከል አንዳንዶቹ ላይ ላዩን ሲታዩ ቀላል ይመስላሉ፤ ሲመረመሩ ግን ብዙ ነገር ያስነሣሉ። ከእነዚህ አንዱ፣ «የኢንፍሉዌንዛን ክትባት ልውሰድ ወይስ ልተው?» የሚለው ነው። ጥያቄውን በሽተኛ ለሐኪሙ ያቀርበዋል፤ ነፍሰ ጡር ለአዋላጇ፣ ሽማግሌ አባት ነርስ ለሆነች ልጁ ያቀርቡታል። ጠያቂው ሲሄድ ግን ጥያቄው ወደ ጤና ሠራተኛው ይመለሳል። ለሌላው ምክር የሚሰጠው ሰው ስለ ራሱ ክንድ ምን ወስኗል?

የዚህ ንግግር ዓላማ ውሳኔው በምን ላይ ሊመሠረት እንደሚገባው ማሳየት ነው። ስለዚህም በመጀመሪያ የበሽታው ጠባይ፣ ቀጥሎ ክትባቱ የሚሰጠው ጥቅምና የሚያስከትለው ጉዳት፣ በመጨረሻም ውሳኔው ለግለሰቡ ብቻ የሚተው ነው ወይስ አይደለም የሚለው ጉዳይ በየተራው ይታያል። «ዓ.ም.» ካልተባለ በቀር የሚጠቀሱት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የበሽታው ጠባይ

በአማርኛ ንግግር «ጉንፋን» የሚለው ቃል ሰፊ ነው። አፍንጫ የሚያዝረከርከውም፣ ጉሮሮ የሚከረክረውም፣ ሰውን ለአንድ ሳምንት አልጋ ላይ የሚጥለውም ሁሉ በዚሁ ስም ይጠራል። ስሙ አንድ መሆኑ ለውሳኔው የመጀመሪያ እንቅፋት ነው። ብዙው ሰው «ለጉንፋን ደግሞ መርፌ ምን ያደርጋል?» የሚለው በልቡ ያለው ቀላሉ ጉንፋን በመሆኑ ነው። ኢንፍሉዌንዛ ግን የራሱ ቫይረስ ያለው፣ በድንገት በከፍተኛ ትኩሳት፣ በራስ ምታትና በቁርጥማት የሚጀምር፣ አንዳንዴም ወደ ሳንባ ምች የሚያደርስ በሽታ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ግምት እንደሚያስረዳው በየዓመቱ ወደ 1 ቢሊዮን የሚሆን ሰው ይይዘዋል፤ ከ3 እስከ 5 ሚሊዮን የሚሆነው በጽኑ ይታመማል፤ ከ290 ሺህ እስከ 650 ሺህ የሚደርስ ሰው ደግሞ በመተንፈሻ አካል ጉዳት ምክንያት ይሞታል።

ይህ በሽታ ለኢትዮጵያ እንግዳ አይደለም። በ1911 ዓ.ም. ኅዳር ወር በአዲስ አበባ ላይ የወደቀው መቅሠፍት ይኸው ኢንፍሉዌንዛ ነበር፤ ሕዝቡም በወሩ ስም «የኅዳር በሽታ» አለው። በዚያን ጊዜ አልጋ ወራሽ የነበሩት ራስ ተፈሪ መኰንን ራሳቸው ታመው ድነዋል። በከተማይቱ ብቻ የሞተው ሰው ቁጥር እስከ 10 ሺህ ይደርሳል ተብሎ ይገመታል። በየዓመቱ ኅዳር 12 ቀን በየደጁ ቆሻሻ እየተሰበሰበ የሚቃጠልበት፣ ከተማው በጢስ የሚታጠንበት ልማድ ከዚያ ዘመን መታሰቢያ ጋር የተያያዘ ነው። ጢሱ ቫይረሱን እንደማያባርር ዛሬ ይታወቃል። ይሁን እንጂ ልማዱ አንድ ቁም ነገር ይዟል፤ ይኸውም ሕዝቡ በሽታው ከደጅ ወደ ደጅ የሚተላለፍ መሆኑን ተረድቶ፣ እያንዳንዱ ቤት ለጎረቤቱ ሲል የሚያደርገው ነገር እንዳለ መቀበሉ ነው።

የኅዳር በሽታ ሲነሣ የትኛውም የዓለም ሐኪም የበሽታውን ምንጭ በትክክል አያውቅም ነበር። ከ1892 ጀምሮ ጀርመናዊው ሪቻርድ ፋይፈር ያገኘው ባክቴሪያ የበሽታው ምክንያት ነው ተብሎ ይታመን ስለ ነበር፣ በ1918 የተዘጋጁት ብዙዎቹ ክትባቶች በዚህ ስሕተት ላይ የተመሠረቱ ነበሩ። እውነተኛው ቫይረስ ከሰው ላይ የተገኘው በ1933 ነው። በለንደን የሚሠሩት ዊልሰን ስሚዝ፣ ክሪስቶፈር አንድሩስና ፓትሪክ ሌይድሎ ከበሽተኛ ጉሮሮ የተወሰደውን ፈሳሽ አጣርተው፣ ፌሬት ወደምትባል ሽለምጥማጥ መሰል እንስሳ ባስገቡት ጊዜ እንስሳይቱ ታመመች። ከዚያ ወዲህ ቫይረሱን በዶሮ እንቁላል ውስጥ ማራባት በመቻሉ፣ ቶማስ ፍራንሲስና ዮናስ ሶልክ በአሜሪካ ጦር ሠራዊት ድጋፍ የተገደለ ቫይረስ የያዘ ክትባት አዘጋጁ። ክትባቱም በ1940ዎቹ አጋማሽ ለሕዝብ አገልግሎት ተፈቀደ።

ደስታው ግን ብዙ አልቆየም። በ1947 የተከተቡትም ያልተከተቡትም እኩል ታመሙ። ምርመራ ሲደረግ ክትባቱ አለመበላሸቱና የተለወጠው ቫይረሱ መሆኑ ታወቀ። ኢንፍሉዌንዛ ከፈንጣጣና ከኩፍኝ የሚለይበት ዋናው ጠባይ ይኸው ነው። የቫይረሱ የላይኛው ገጽ በየጊዜው ጥቂት በጥቂት ይለወጣል፤ ዓምና ያወቀው የሰውነት መከላከያ ዘንድሮ ሲያገኘው በሙሉ ላያውቀው ይችላል። አንዳንድ ጊዜ ደግሞ ለውጡ ድንገተኛና ሙሉ ይሆንና በ1957፣ በ1968 እና በ2009 እንደ ታየው ዓለምን የሚያዳርስ ወረርሽኝ ይነሣል። ክትባቱ በየዓመቱ የሚሰጠው በዚህ ምክንያት ነው፤ መከላከያው በወራት ውስጥ እየቀነሰ የሚሄድ መሆኑም ሌላው ምክንያት ነው።

ለዚህ ሲባል ከ1952 ጀምሮ በዓለም ጤና ድርጅት ሥር በልዩ ልዩ አገሮች ያሉ ላቦራቶሪዎች የተሳሰሩበት የክትትል መረብ ተዘርግቷል። በየካቲት ወር ለሰሜኑ የዓለም ክፍል፣ በመስከረም ወር ለደቡቡ፣ የመጪው ወቅት ክትባት የትኞቹን የቫይረስ ዓይነቶች ይያዝ የሚለው ምክር ይሰጣል። ክትባቱን ሠርቶ ለማድረስ ስድስት ወር ገደማ ስለሚፈጅ፣ ምርጫው ከወቅቱ አስቀድሞ የሚደረግ ትንበያ ነው። ትንበያ እንደ መሆኑም አንዳንድ ዓመት ይሰምራል፤ አንዳንድ ዓመት ይስታል።

ክትባቱ የሚሰጠው ጥቅም

እዚህ ላይ የጤና ሠራተኛ ሊጠነቀቅበት የሚገባ ነገር አለ። ክትባቱን ለማስወደድ ሲባል ጥቅሙን ማጋነን፣ የኋላ ኋላ እምነትን ያሳጣል። «ከተከተብህ ከቶ አትታመምም» የተባለ ሰው በታመመ ጊዜ የሚጠራጠረው ያንን አንድ መርፌ ብቻ አይደለም፤ ስለ ልጁ የኩፍኝ ክትባት የሚነገረውንም ቃል ይጠራጠራል።

እውነቱ የሚከተለው ነው። ክትባቱ ከሚዛመተው ቫይረስ ጋር በደንብ በተስማማባቸው ዓመታት ሐኪም ቤት የሚያደርሰውን የኢንፍሉዌንዛ ሕመም ከመቶ ከ40 እስከ 60 ያህል ይቀንሳል። ባልተስማማባቸው ዓመታት ጥቅሙ ያንሳል፤ በ2014 እና በ2015 መካከል በነበረው ክረምት በአሜሪካ የተገኘው ጥቅም ከመቶ 19 ብቻ ነበር። በ2018 የወጣው የኮክሬን የጥናቶች ግምገማ ደግሞ ጉዳዩን በሌላ ሚዛን ያሳያል። ካልተከተቡ 1,000 ጤናማ ጎልማሶች መካከል በአንድ ወቅት 23 ያህሉ በኢንፍሉዌንዛ ሲያዙ፣ ከተከተቡት 1,000 መካከል 9 ያህሉ ይያዛሉ። ይህም ማለት አንድ ሰው ከበሽታው እንዲድን 71 ጤናማ ጎልማሶች መከተብ አለባቸው ማለት ነው። በአረጋውያን ዘንድ ግን በሽታው ስለሚበረታ ቁጥሩ ወደ 30 ይወርዳል።

አንድ አድማጭ ይህን ሰምቶ «ሰባ አንድ ሰው ተወግቶ አንድ ሰው ብቻ የሚድን ከሆነ ምን ይረባል?» ሊል ይችላል። ሌላውም በዚያው ቁጥር «አንድ ትንሽ መርፌ ከሰባ አንድ አንዱን ከሳምንት ስቃይ ካዳነ ርካሽ ነው» ሊል ይችላል። ሁለቱም ቁጥሩን አልካዱም፤ የሚለያዩት በሚሰጡት ዋጋ ነው። በሽተኛን መምከር ማለትም ቁጥሩን በታማኝነት አስረድቶ፣ ዋጋውን ከሰውየው ኑሮ ጋር እንዲያመዛዝን መርዳት ነው። የስኳር በሽታ፣ የልብ ድካም ወይም አስም ያለበት ሰው፣ ዕድሜው ከ65 ያለፈ ሰው፣ ነፍሰ ጡር ሴት፣ ሚዛኑ ላይ የሚያስቀምጡት ነገር ከጤናማው ጎልማሳ ይከብዳል። በተለይ የነፍሰ ጡሯ ጉዳይ ድርብ ነው። ከስድስት ወር በታች ያለ ሕፃን ክትባቱን ሊወስድ አይችልም፤ ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ ወራት የሚኖረው መከላከያ ከእናቱ በማኅፀን ሳለ ያገኘው ነው።

የሚያስከትለው ጉዳት

ስለ ጉዳቱም በዚያው መጠን በግልጽ መናገር ይገባል። በየሥራ ቦታው ብዙ ጊዜ የሚሰማው ስሞታ፣ «ዓምና ተከትቤ ክትባቱ ራሱ ጉንፋን አስያዘኝ» የሚል ነው። በመርፌ የሚሰጠው ክትባት የተገደለ ቫይረስ ወይም የቫይረሱን ክፋይ የያዘ በመሆኑ በሽታውን ሊያስይዝ አይችልም። ይህ በንድፈ ሐሳብ ብቻ የሚባል አይደለም። በ1990ዎቹ በአሜሪካ ሚኒሶታ 849 ጤናማ ሠራተኞች በዕጣ ተከፍለው ገሚሶቹ እውነተኛውን ክትባት፣ ገሚሶቹ ከመድኃኒት ባዶ የሆነ መርፌ እንዲወጉ ተደርጎ ነበር። ትኩሳት፣ ድካምና ራስ ምታት በሁለቱም ወገን ያለ ልዩነት ታየ። ልዩነቱ የታየው በክንድ ሕመም ላይ ነው፤ ክትባቱን ከወሰዱት ከመቶ 64 ያህሉ፣ ባዶውን ከተወጉት ከመቶ 24 ያህሉ ክንዳቸውን አመማቸው። ታዲያ ተከትቦ የታመመው ሰው ዋሽቷልን? አልዋሸም። መከላከያው እስኪጸና ሁለት ሳምንት ያህል ይፈጃል፤ በዚያ መካከል ኢንፍሉዌንዛ ሊይዘው ይችላል። ወይም ደግሞ ክትባቱ የማይመለከተው ሌላ ዓይነት ጉንፋን ይዞታል። ስሞታውን በፌዝ ከመመለስ ይልቅ ይህን ማስረዳት ይበጃል።

ከዚህ የከበደው ጉዳት በ1976 በአሜሪካ የታየው ነው። በዚያ ዓመት መጀመሪያ ፎርት ዲክስ በተባለው የጦር ሠፈር ከዓሣማ የመጣ ዓይነት ኢንፍሉዌንዛ ታይቶ አንድ ወጣት ወታደር ሞተ። የ1918ቱ መቅሠፍት ይመለሳል ተብሎ ስለ ተሰጋ፣ ፕሬዚዳንት ጄራልድ ፎርድ መላው ሕዝብ እንዲከተብ መጋቢት ውስጥ አስታወቁ። ክትባቱ ጥቅምት 1 ቀን ተጀምሮ በአሥር ሳምንት ውስጥ ከ40 ሚሊዮን በላይ ሰው ተከተበ። የተፈራው ወረርሽኝ ግን ከጦር ሠፈሩ ሳይወጣ ቀረ። በአንጻሩ ከተከተቡት አንዳንዶች ጊያን ባሬ በተባለው፣ እጅና እግርን በሚያዝለው የነርቭ በሽታ ተያዙ። ከ100 ሺህ ተከታቢ አንድ ያህል ተጨማሪ በሽተኛ መገኘቱ ስለ ታወቀ ዘመቻው በታኅሣሥ ወር ቆመ።

ከዚህ ታሪክ ሁለት ትምህርት ይገኛል። አንደኛው፣ ክትባቱ በጎ አሳብ ስለ ታሰበበት ብቻ ከጉዳት ነጻ እንደማይሆን ነው። ሁለተኛው፣ ጉዳቱ የተደረሰበት ክትትል በመኖሩ፣ ዘመቻውም የቆመው የክትትሉ ውጤት ባለመደበቁ መሆኑ ነው። ከዚያ ወዲህ በተደረጉት ክትትሎች ከወቅታዊው ክትባት ጋር የተያያዘው የጊያን ባሬ አደጋ፣ ቢኖር እንኳ ከ1 ሚሊዮን ተከታቢ ከአንድ ወይም ከሁለት ሰው እንደማይበልጥ ይገመታል። ኢንፍሉዌንዛው ራሱም ለዚሁ በሽታ ያጋልጣል። «በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት የለውም» እንደሚባለው፣ የ1976ቱን ነገር ሸሽጎ ክትባቱን ከማወደስ፣ ተናግሮ ማስረዳት የበለጠ ያሳምናል።

የሌላው ሰው ድርሻ

እስከዚህ ድረስ የተባለው ሁሉ ተከታቢውን ብቻ የሚመለከት ነው። ለጤና ሠራተኛ ግን ጥያቄው ከዚህ ይሰፋል።

ለምሳሌ ያህል በአንድ ሆስፒታል ጊዜያቸው ሳይደርስ የተወለዱ ሕፃናት በሚተኙበት ክፍል ሃያ ዓመት ያገለገለች አንዲት ሲስተር አለች እንበል። በሥራዋ የተመሰገነች ናት፤ ታምማ ከሥራ የቀረችበትን ቀን ጓደኞቿ አያስታውሱም። ክትባት መጥቷል ሲሏት፣ «እኔን ጉንፋን አይደፍረኝም፤ ለሚያስፈልገው ስጡት» ትላለች። ንግግሯ ትሕትና አለበት፤ ደግሞም ስለ ራሷ አካል የተናገረችው ውሸት ላይሆን ይችላል። ነገር ግን በኢንፍሉዌንዛ የተያዘ ሰው ሕመሙ ሳይሰማው ከአንድ ቀን በፊት ጀምሮ ቫይረሱን ሊያስተላልፍ ይችላል። አንዳንዱም ቀለል ብሎት ሥራውን ሳያቋርጥ ያልፋል። እንግዲህ ከሥራ ቀርታ አለማወቋ፣ ቫይረሱን ወደ ክፍሉ አስገብታ አለማወቋን አያረጋግጥም። ብርቱ ሠራተኛ መሆኗ ራሱ ለሕፃናቱ አደጋ የሚሆንበት ጊዜ አለ።

የጤና ሠራተኛ ክትባት ሠራተኛውን እንደሚጠብቅ ጥሩ ማስረጃ አለ። በባልቲሞር በሚገኙ ሆስፒታሎች 264 የሕክምና ባለሙያዎች ተሳትፈውበት በ1999 የታተመው ጥናት በደም ምርመራ የተረጋገጠው የኢንፍሉዌንዛ ኤ መያዝ በተከተቡት ላይ ከመቶ 88 ያህል መቀነሱን አሳይቷል። በሽተኛውን ይጠብቃል ወይ ለሚለው ግን ማስረጃው እንዲህ የጠራ አይደለም። በስኮትላንድ ሃያ የአረጋውያን መታከሚያ ቤቶች ላይ ተደርጎ በ2000 የወጣው ጥናት፣ ሠራተኞቹ ክትባት በቀረበላቸው ቤቶች ከመቶ 13.6፣ ባልቀረበላቸው ከመቶ 22.4 አረጋውያን መሞታቸውን አሳየ። ልዩነቱ ትልቅ ነው። ይሁን እንጂ ከአረጋውያኑ በተወሰደው ናሙና የተገኘው የኢንፍሉዌንዛ መጠን በሁለቱ ወገን ጉልህ ልዩነት ስላልነበረው፣ የሞቱ መቀነስ ሁሉ ከክትባቱ የመጣ ነው ለማለት ያስቸግራል። ኋላ የተነሡ ተቺዎችም ይህንኑ አጥብቀው ተናግረዋል።

ከጃፓን የተገኘው ማስረጃ ደግሞ በሌላ መንገድ ይናገራል። በዚያ አገር ከ1962 ጀምሮ ተማሪዎች በብዛት ይከተቡ ነበር፤ ከ1977 እስከ 1987 በግዴታ ነበር። በ1987 ወላጆች እንዲመርጡ ተፈቀደ፤ በ1994 ፕሮግራሙ ቆመ። በ2001 የታተመ ጥናት የብዙ ዓመቱን የሞት መዝገብ ሲመረምር፣ ልጆቹ በተከተቡበት ዘመን በክረምት የሚሞቱት ሰዎች፣ በተለይም አረጋውያን፣ ቀንሰው እንደ ነበርና ክትባቱ ሲቀር እንደገና እንደ ጨመሩ አገኘ። በጥናቱ ስሌት በተከተቡ 420 ልጆች አንድ ሰው ከሞት ይድን ነበር። መዝገብን ከመዝገብ ከማስተያየት የተገኘ ስለሆነ የመጨረሻ ቃል ሊባል አይችልም። ነገር ግን የልጅ ልጅ ክንድ ለአያት ሕይወት ጋሻ ሊሆን እንደሚችል ያመለክታል።

ማስገደድና ማስረዳት

ማስረጃው ይህን ያህል ከሆነ፣ የጤና ሠራተኛው እንዲከተብ ይገደድ ወይ የሚለው ክርክር ይነሣል። በሲያትል ከተማ ቨርጂኒያ ሜሰን የተባለው የሕክምና ማዕከል በ2005 ይህን ግዴታ በሠራተኞቹ ሁሉ ላይ ጣለ። አስቀድሞ ከመቶ 54 የነበረው የተከታቢ ቁጥር በመጀመሪያው ዓመት ከመቶ 97.6 ደረሰ። የነርሶቹ ማኅበር ግን ከአሠሪው ጋር ካለው የኅብረት ስምምነት ውጭ የመጣ ግዴታ ነው ብሎ ተከራከረ፤ በ2007 የይግባኝ ፍርድ ቤቱ ለማኅበሩ ፈረደ። በማኅበሩ ሥር ያሉት ነርሶች በግድ እንዳይከተቡ ተደረገ፤ ያልተከተቡት በወቅቱ የአፍና የአፍንጫ መሸፈኛ እንዲያደርጉ ተጠየቁ።

ለሙያ ማኅበር አባላት ይህ ክርክር ልብ ሊባል ይገባዋል። ማኅበሩ ክትባቱ መጥፎ ነው አላለም፤ ሠራተኛው ሳይመከርበት በአካሉ ላይ ትእዛዝ አይወጣም ነው ያለው። አሠሪውም ሠራተኛውን ለመጉዳት አልተነሣም፤ በሽተኛውን አስቦ ነው። ሁለቱም የያዙት እውነት አለ። ሁለቱን እውነቶች የሚያስታርቀው መንገድ አንድ ነው፤ ይኸውም ሠራተኛው ሳይገደድ በገዛ ፈቃዱ የሚከተብበት ሁኔታ ነው። የሙያ ነጻነት የሚጠበቀው በነጻነቱ በሚሠራው ሥራ ነው። ማኅበር የአባሎቹን የመወሰን መብት ሲያስከብር፣ አባሎቹ አውቀው እንዲወስኑ የማድረግ ግዴታም አብሮ ይወድቅበታል።

በዚህ ረገድ ከጎረቤት አገር የተገኘ አንድ ታሪክ መጥቀስ ይጠቅማል። በ1977 በሶማሊያ መርካ ከተማ አሊ ማው ማአሊን የተባለ ወጣት በሆስፒታል ወጥ ቤት ይሠራ ነበር። የሆስፒታል ሠራተኛ ሆኖ ሳለ ከፈንጣጣ ክትባት ራሱን አሽሽቶ ነበር፤ መርፌው የሚያም መስሎት ፈርቶ እንደ ነበር ኋላ ራሱ ተናግሯል። በጥቅምት ወር ሁለት የፈንጣጣ በሽተኛ ሕፃናትን የያዘ መኪና መንገድ ሲጠይቅ፣ ተሳፍሮ ጥቂት ደቂቃ መራቸው። በዚያች አጭር ጉዞ በሽታው ያዘውና በዓለም ላይ በተፈጥሮ መንገድ በፈንጣጣ የተያዘ የመጨረሻው ሰው ሆኖ ተመዘገበ። በኢትዮጵያ የመጨረሻው በሽተኛ ከታየ ገና አንድ ዓመት ቢያልፍ ነው። ማአሊን ድኗል፤ በዙሪያው ያሉት ሰዎች ፈጥነው በመከተባቸውም በሽታው ከእርሱ ወደ ሌላ አልተላለፈም። በኋለኛው ዕድሜው ለፖሊዮ ክትባት ዘመቻ ሲያገለግል፣ ለሚያመነቱ ወላጆች የራሱን ታሪክ ይነግራቸው ነበር፤ በ2013 በወባ ታሞ እስኪያርፍ ድረስ በዚሁ ሥራ ላይ ነበር።

በእርግጥ የፈንጣጣ ክትባትና የኢንፍሉዌንዛ ክትባት አቻ አይደሉም፤ የመጀመሪያው በሽታውን ከምድር አጠፋ፤ ሁለተኛው በሽታውን ይቀንሳል እንጂ አያጠፋውም። ታሪኩ የተነሣው ስለ ክትባቱ ኃይል አይደለም። በሆስፒታል ግቢ ውስጥ የሚሠራ ሰው፣ ሐኪምም ይሁን ወጥ ሠሪ፣ ዘበኛም ይሁን የጽዳት ሠራተኛ፣ የሚወስነው ለራሱ ብቻ እንዳልሆነ ለማሳየት ነው። ደግሞም ወጣቱ የሸሸበት ምክንያት ተራ ፍርሃት እንደ ነበረ ማስታወስ ይገባል። ቀርቦ «ምን አስፈራህ?» ብሎ የሚጠይቀው ሰው ቢያገኝ ኖሮ ነገሩ በሌላ መንገድ ባለቀ ነበር።

በአገራችን ሁኔታ

በኢትዮጵያ መደበኛው የክትባት ፕሮግራም ከ1980 ጀምሮ በሥራ ላይ ሲሆን፣ በይበልጥ የሚያተኩረው በሕፃናትና በእናቶች ላይ ነው። የኢንፍሉዌንዛ ክትባት በዚህ መደበኛ ዝርዝር ውስጥ አልገባም። ከ2008 ጀምሮ በተዘረጋው ክትትል ቫይረሱ በአገር ውስጥ እንደሚዘዋወር ቢታወቅም፣ ኩፍኝ፣ ወባና ሳንባ ነቀርሳ በሚሻሙት በጀት ውስጥ ለዚህ ክትባት ቦታ ማግኘት ቀላል አይደለም። ስለዚህም «ልከተብ ወይስ ልተው?» የሚለው ጥያቄ ለብዙው ዜጋ ገና በእጁ ያልገባ ምርጫ ነው።

ይሁን እንጂ ጥያቄው ከቶ አይነሣም ማለት አይደለም። ለሐጅ ወደ መካ የሚሄዱ ምእመናን የሳዑዲ ዓረቢያ ጤና ባለ ሥልጣናት ክትባቱን እንዲወስዱ ይመክሯቸዋል። በአሜሪካና በአውሮፓ በነርስነትና በአረጋውያን እንክብካቤ የተሠማሩ ብዙ ኢትዮጵያውያን ደግሞ በየመጸው ወራት ከአሠሪዎቻቸው ይኸው ጥያቄ ይቀርብላቸዋል፤ አገር ቤት ላሉት የሙያ ጓደኞቻቸውም እየደወሉ ምክር ይጠይቃሉ። በአገር ውስጥም ክትባቱ ጥቂት በጥቂት በተገኘ ጊዜ ማን ይቅደም የሚለው ይነሣል። የዓለም ጤና ድርጅት ቅድሚያ እንዲሰጣቸው የሚመክረው ለጤና ሠራተኞች፣ ሥር የሰደደ በሽታ ላለባቸው፣ ለአረጋውያንና ለነፍሰ ጡሮች ነው። ከላይ የተጠቀሰችው ሲስተር «ለሚያስፈልገው ስጡት» ስትል፣ ከሚያስፈልጋቸው አንዷ ራሷ መሆኗን አላሰበችም ማለት ነው።

ክትባቱ በሌለበት ቦታም ውሳኔው ሙሉ በሙሉ አይቀርም። ትኩሳትና ሳል የያዘው ሠራተኛ ከበሽተኛ አልጋ መራቅ፣ መሸፈኛ ማድረግ፣ እጅን ከእያንዳንዱ በሽተኛ በኋላ መታጠብ፣ የክፍሉን መስኮት ከፍቶ አየር ማስገባት፣ እነዚህ ሁሉ ብዙ ገንዘብ አይጠይቁም። የሚያስቸግረው ግን የመጀመሪያው ነው። ታሞ ሥራ መግባት እንደ ጉብዝና በሚቆጠርበት፣ ተተኪ ሠራተኛም በማይገኝበት ክፍል፣ «ዛሬ አልገባም» ማለት ጓደኛን መበደል ይመስላል። ይህን ማስተካከል የአንድ ነርስ ሥራ አይደለም፤ የክፍል ኃላፊዎች፣ የሆስፒታል አስተዳዳሪዎችና የሙያ ማኅበራት ሥራ ነው።

ማጠቃለያ

እንግዲህ ለውሳኔው የሚረዱት ነጥቦች በአጭሩ የሚከተሉት ናቸው። አንደኛ፣ ወሳኙ ሰው በራሱ አካል ላይ ያለውን አደጋ ይመርምር፤ ዕድሜው፣ ሕመሙ፣ እርግዝናው ምን ይላል? ሁለተኛ፣ በየቀኑ የሚነካቸውን ሰዎች ይቁጠር፤ ከመካከላቸው ኢንፍሉዌንዛን የማይቋቋም ሕፃን፣ ሽማግሌ ወይም ደካማ አለ ወይ? ሦስተኛ፣ ክትባቱ የሚሰጠው ጥቅም ከፊል መሆኑን፣ የሚያስከትለውም ጉዳት በአብዛኛው የአንድና የሁለት ቀን የክንድ ሕመም መሆኑን በትክክለኛ ሚዛን ያስተያይ። ከዚህ ቀደም ክትባት ወስዶ ብርቱ የአለርጂ አደጋ የደረሰበት ወይም በጊያን ባሬ የታመመ ሰው ግን አስቀድሞ ሐኪሙን ያማክር። አራተኛ፣ የወሰነበትን ምክንያት ለሚጠይቀው በሽተኛ ሳያፍር ሊናገረው የሚችል መሆኑን ራሱን ይጠይቅ።

በእነዚህ አራት ነጥቦች ሲመዘን፣ በሽተኛ ለሚነካ ሠራተኛ ሚዛኑ ወደ መከተብ ያዘነብላል። ያዘነበለውም ክትባቱ ፍጹም ስለሆነ አይደለም። ከፊል ጥቅምና አነስተኛ ጉዳት በአንድ ወገን፣ ራሱን ሊከላከል የማይችል ሰው ሕይወት በሌላው ወገን ሲቀመጥ፣ የሙያው መሐላ ወዴት እንደሚያደላ ግልጽ ስለሆነ ነው። «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚለው የአበው ቃል ለሌላው የሚነገር ምክር ብቻ ሆኖ መቅረት የለበትም፤ ከተናጋሪው መጀመር አለበት።

አንዳንዱ አባል ይህን ሁሉ ሰምቶም ላይስማማ ይችላል፤ መብቱ ነው። ከእርሱ የሚጠበቀው አለመስማማቱን በወሬ ሳይሆን በማስረጃ እንዲያቆም፣ ከበሽተኛው አልጋ አጠገብም የሌላውን መንገድ፣ ማለትም የመሸፈኛውንና የንጽሕናውን ጥንቃቄ፣ አጥብቆ እንዲይዝ ነው። የኅዳር በሽታ በወረደበት ዘመን የነበሩት ሰዎች የሚያቃጥሉት ቆሻሻ እንጂ የሚመርጡት ክትባት አልነበራቸውም፤ ያላቸውን አደረጉ። የዛሬው ባለሙያ የተሻለ ዕውቀት በእጁ ስላለ፣ የሚጠየቀውም በዚያው መጠን ነው።